ቀለም ጠባቂው ራሱ ቀለሙን ሲበላው

የዛሬ አራት ዓመት ለመስቀል እናቴ ዘንድ ሄጄ የመኪናዬን የፊት የጭቃ መከላከያ፣ ከጎማው ጀርባ የሚንጠለጠለውን፣ ስፈታ ከጀርባው ገብስ በቅሎ አገኘሁ። ሦስት ቡቃያ ነበር፤ ጣት የሚያህል፣ ፀሐይ ስላላገኘው ከአረንጓዴነት ይልቅ ወደ ቢጫነት ያደላ። የአምናው አውድማ ገለባ መንገዱ ላይ ተበትኖ ሲከርም ጎማዬ ፍሬውን ከጭቃው ጋር ለቅሞ ወደ ላይ አንስቶታል ማለት ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ብቅሉስ ደረሰልህ፤ ጌሾውን ደግሞ ከሞተሩ ሥር ፈልግ» አለችኝ። ሳቅን። ሳቁ የቆየው ግን ጭቃውን በካቻቢቴ ፈንቅዬ እስካነሳው ድረስ ብቻ ነው። ላዩ እንደ ጡብ የደረቀው ጭቃ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር፤ ሲነሣም የመኪናዬን ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ይዞት ተነሣ።

ያንን መከላከያ ያስገጠምኩት ቀለሙን እንዲጠብቅልኝ ነበር። እንዴት እንዳበላሸው፣ በኋላም እንዴት አድርጌ እንደገና እንደገጠምኩት ልጻፍ፤ የጠጠር መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ነገር ማሰቡ አይቀርምና።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ ጥቁር ሰማያዊ። አዲስ አበባ ውስጥ ስትውል ጭንቀት የለባትም። ነገር ግን በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን አስፋልት ጨርሳ ደብረ ብርሃን ትደርስና ከከተማው ወጥታ ወደ እናቴ ቤት የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ትይዛለች። 18 ኪሎ ሜትር ነው። በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጥቁር ጭቃና ጠጠር። «ለአሮጌ ቪትዝ ቀለም ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ስለተከለከለ ያለኝን ቪትዝ ጠብቄ መያዝ ነው የሚሻለኝ። ደግሞም ቀለም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ላሜራውን ከውሃ የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ከታችኛው ቅብ እስከ ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ድረስ ተደምሮ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ጠጠር ይህን አንድ ጊዜ ከበሳው ሌላውን ሥራ ዝገቱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ጠጠሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማወቅ መኪናዬን አጥቤ ጠዋት በሰያፍ ብርሃን አየኋት። ጉዳቱ የተሰበሰበው ከፊት ጎማዎች ጀርባ፣ በፊት በሮች የታችኛው ጠርዝና ከበሮቹ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ነው። ምስር የሚያክሉ ነጥቦች ናቸው፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ግራጫ፣ የቆየው ደግሞ ቡናማ። በግራ በኩል መዳፌን ባሳረፍኩበት ስፋት ብቻ 40 ያህል ቆጠርኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጎማው ጥርስ ከመኪናው አካል አንጻር የሚሽከረከረው መኪናዋ በምትሄድበት ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 60 ስነዳ ጥርሱ ቆንጥጦ የለቀቀው ጠጠር በሩን የሚመታው ወደዚያ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ቪትዝ ደግሞ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ስለሆነ ነዳጅ ረገጥ ሲደረግ ጠጠሩን የሚፈነጥሩት እነሱ ናቸው። የኋላዎቹ የሚጎዱት የኋላውን ፓራውልት ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ከኋላ የሚከተል ሰው ይቀበለዋል።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሄድኩት። እዚያ ሁለት ዓይነት አሳዩኝ። አንደኛው ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራ፣ የፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚከበውን ላሜራ) ቅርጽ ተከትሎ የጎበጠ ፕላስቲክ ነው፤ ለእኔ ሞዴል የሚሆን ግን አልነበረም። ሁለተኛው «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ጠፍጣፋ ደረቅ ፕላስቲክ፣ ላዩ ላይ የእሽቅድድም መኪና ጽሑፍ ያለበት። ለሁሉም ይሆናል የተባለ ነገር ለማንም በደንብ እንደማይሆን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ገዛሁት። የሚገጥም ወጣት እዚያው አስፋልቱ ዳር ትራፓኖውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ 20 ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በእያንዳንዱ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ አራት አራት ቀዳዳ በስቶ፣ ፕላስቲኩን ከቀለሙ ጋር ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። እንዲህ ጥብቅ ማለቱን እንደ ጥሩ ሥራ ቆጥሬ ጉርሻ ሰጠሁት።

ሦስት ወር ሳይሞላ ከተበሱት ቀዳዳዎች በታች ትንንሽ ቡናማ ነጥቦች አየሁ። ጠጠር መስለውኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ላሜራው ሲበሳ የወጣው የብረት ብናኝ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል፤ የዛገው ብናኙ ነበር። ይህ ቀላሉ ነው። ክረምቱ አልፎ ገብሱን ባገኘሁ ዕለት ግን ያየሁት ሌላ ነው። በየብሎኑ ዙሪያ የዝገት ቀለበት፣ ፕላስቲኩ ከላሜራው ጋር በተነካካበት መስመር ደግሞ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀለም አልባ ጭረት ነበር። ቀለሙ የተፈናጠረ አይደለም፤ የተሞረደ ነው።

መኪናዋን ይዤ ብዙ ዓመት በባትላሜራ (የመኪና ላሜራ በማቃናት) ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የጭረቱን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«ምን መታት?» አሉኝ።

«ጠጠር ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ጠጠር ይበሳል እንጂ እንዲህ አያለሰልስም፣ ልጄ። ይህ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው።»

ከዚያ ፈትቼ የጣልኩትን ፕላስቲክ አምጣ አሉኝና የውስጥ ፊቱን አሳዩኝ። ደቃቅ አሸዋ በጭቃ ተለስኖ ተጣብቆበታል። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ድረስ፣ ያ አሸዋ በፕላስቲኩና በቀለሙ መካከል እየተፈጨ ኖሯል። በላይ በኩል ደግሞ መከላከያው እንደ መደርደሪያ ሆኖ ጭቃውን ተቀብሎ አስቀመጠው፤ መውጫ ስለሌለው እርጥበቱ ክረምቱን ሙሉ ላሜራው ላይ ተኛ። ያልተቀቡት ቀዳዳዎች ጠጡት። ጠጠሩን መመለሱንማ መልሶታል፤ በሩ ላይ አዲስ ነጥብ አልነበረም። ጉዳቱን ከበሩ አንስቶ ፓራፋንጎው ላይ ጣለው እንጂ።

እሳቸው እስከ ብረቱ ፍቀው፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ሞልተው፣ ፀረ ዝገት ቀብተው፣ ስቱኮ አድርገው፣ ቀለሙን መልሰው አምስት ቀን ፈጀባቸው። የከፈልኩት መከላከያውን ከገዛሁበት ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ስመለስ ግን ከሥራው የማይተናነስ ምክር ይዤ ወጣሁ። ጎማው ተፈትቶ ሳለ ጠሩኝና በባትሪ መብራት ጎማው በሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን አሳዩኝ። ያንን ሽፋን የያዙት ብሎኖችና የፕላስቲክ መሰኪያዎች ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። «ቀዳዳውማ ተበስቶ፣ ተቀብቶ ነው የተሰጠህ» አሉ። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ያላስፈለገኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለተኛውን ራሴ ልሥራው አልኩ። ላስቲክ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። መጀመሪያ የገዛሁት የከባድ መኪና ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ደስ ይላል። ግን አይሆንም። 80 ስነዳ ነፋሱ አጥፎ ወደ ኋላ ያስተኛዋል፤ የተኛ ላስቲክ ደግሞ ምንም አይከላከልም። ያረጀ የመኪና ጎማ ራሱን ቆርጦ ማድረግን የሚመክሩ አሉ። ለበረባሶ እንጂ ለዚህ አይመችም፤ ከባድ ነው፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጫፍም ሲወጣ ቀለም ይጭራል። በመጨረሻ ያገኘሁት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መካከሉ ላይ የጨርቅ ድር ያለበት ጠፍጣፋ ላስቲክ ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ለመፈተን አንድ ስንዝር ተኩል ያህሉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ አሳልፌ ያዝኩት። ጫፉ ትንሽ ዘንበል ካለ ጥሩ ነው፤ እንደ ጨርቅ ከተጠቀለለ ስስ ነው፤ እንደ ጣውላ ቀጥ ካለ ደግሞ ድንጋይ ሲነካው ከመታጠፍ ይልቅ የያዘውን ነገር ይነቅላል።

ላስቲኩን ከመቁረጤ በፊት በካርቶን ሞከርኩ። ይህን ሳልሠራ ብቆርጥ ኖሮ ሁለት ጊዜ እገዛ ነበር፤ የመጀመሪያው ካርቶኔ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳዞረው በጎማው ተጨፍልቋል። ጎማዬ 165 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው ያለው፤ መከላከያውን 20 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት፣ ትርፉም ወደ ውጭ በኩል ነው፣ መሪ ሲዞር ጎማው ወደዚያ ስለሚወጣ። ቁመቱን ስለካ መኪናዋን ባዶዋን አልለካሁም። ወንድሜንና ሁለት ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ፣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ከረጢት ሽንብራ ጭኜ፣ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር አድርጌ ምልክት አደረግኩ። ልጆቹ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ከረሜላ ስለተሰጣቸው ግን አላጉረመረሙም። መከላከያው ከዚህ ቢያጥር ጠጠሩ ከሥሩ ያመልጣል። ቢረዝም ደግሞ ወደ ኋላ ስትነዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ያርፍና ጎማው ረግጦት ይነቅለዋል። ማዕዘኖቹን በሳንቲም ዙሪያ ቀርጬ አከበብኳቸው፤ ሹል ጫፍ በነፋስ እየተወዛወዘ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ።

የገጠማው ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ወሰደብኝ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ከሌላኛው ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብቼ፣ በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ግን እጅም እግርም አይገባም፤ የፈታሁትን ጎማ ራሱን ከላሜራው ሥር አጋድሜ አስገብቼዋለሁ። ጉድጓዱን በውሃና በብሩሽ አጠብኩ፤ ሲደርቅ ጠበቅኩ። በባለ 10 ቁልፍ ሁለቱን የፋብሪካ ብሎኖች ፈትቼ፣ ትንሽ ረዘም ያሉ ዝገት የማይዛቸው ብሎኖች ተካሁ። ትርፍ የቀረኝ ከመነዳሪም ሥራ አገኘ፤ የ50 ሳንቲም ዝርዝር ገንዘብ በሚያህሉ ክቦች ቆርጬ፣ እያንዳንዱን መሐሉን በስቼ፣ በላሜራውና በመከላከያው መካከል ሁለት ሁለት እየደራረብኩ አስገባኋቸው። ከፊት በኩል ላስቲኩ እንዳይቀደድ ሰፊ ሮንዴላ አደረግኩ፤ ብሎኖቹ ጥርስ ላይም ግራሶ ቀባሁ።

እነዚያ የከመነዳሪ ክቦች ናቸው ነገሩን የለወጡት። መከላከያው ቀለሙን የትም አይነካውም፤ እርሳስ የሚያልፍበት ክፍተት ከላይ እስከ ታች አለ። ከላይ የገባ ውሃና ጭቃ ከታች ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ላሜራው ወደ ውጭ በሚጎብጥበት፣ ክፍተቱ ጠበብ ስላለብኝ ቀለሙ ላይ ግልጽ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ለጠፍኩበት። የሚለጠፈው በንጹሕና በደረቀ ቀለም ላይ ነው፤ ከሥሩ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ያ ቦታ ላይ የመጀመሪያው ታሪክ ይደገማል። የታችኛውን ሦስተኛ መያዣ ግን ሆን ብዬ ብሎን አላደረግኩትም፤ በፕላስቲክ መሰኪያ ነው የያዝኩት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጎማውን መልሼ አስሬ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ከዚያ ጉብታ ላይ በዝግታ ወጣሁ። ምንም አልነካም። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ጠበቅ አድርጌያቸዋለሁ፤ ላስቲክ ሲታመቅ ብሎን መላላቱ አይቀርም። የኋላዎቹን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠራኋቸው፣ እነሱ መሪ ስለማያዞራቸው ቀላል ናቸው።

ከገጠማው ይልቅ የሚሰለቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ላቫጆ ስወስዳት ልጆቹ የሚያጥቡት የሚታየውን ነው፤ የጎማውን ጉድጓድ አንድ ጊዜ ረጨት አድርገው ያልፋሉ። አሁን ከመጀመራቸው በፊት ወርጄ እለምናቸዋለሁ፤ ቱቦውን ከላይ ወደ ታች፣ በመከላከያውና በላሜራው መካከል፣ ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። የሚወጣውን ጭቃ ሲያዩ እነሱም ይገርማቸዋል። እናቴ ቤት ስሆን ደግሞ በባልዲና በቀጭን ብሩሽ አጸዳዋለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊትና ከመስቀል በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አያለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልቃወም። የተቃጠለ ዘይት ከሥር መርጨት ዝገት ይከላከላል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንድ ጊዜ ለማድረግ ተቃርቤ ነበር። አቧራ ይሰበስባል፣ መሬት ያበላሻል፣ ከመኪናው ሥር ያሉትን ላስቲኮችም ያለሰልሳል። የዚህን መከላከያ ላስቲክም አይምረውም።

ደግሞም መከላከያው የማይችለው አለ። ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የወረወረው ጠጠር ኮፈንና መስታወት ላይ ሲያርፍ የእኔ ላስቲክ ምንም አያደርግም፤ እዚያ የሚያድነው ርቀት መጠበቅ ብቻ ነው። ጠጠር ላይ ስነሳም ነዳጁን በቀስታ ነው የምረግጠው። አንድ ክረምት ሙሉ በ40 የነዳሁበት ጊዜ ነበር፣ እናቴ ቤት የሚጠብቀኝ ምሳ ቢበርድም። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ከሁለተኛው ገጠማ ወዲህ ሦስት ክረምት አልፏል። ባለፈው ጥቅምት ያንኑ መዳፍ የሚያህል ቦታ በዚያው የጠዋት ብርሃን አየሁት፤ ከተቀባ ወዲህ አራት ነጥብ አግኝቷል። አንዱ ብቻ እስከ ታችኛው ቅብ ደርሷል፤ በቀጭን ብሩሽ የዚያኑ ቀን ነካ አደረግኩት። ከመከላከያው ጀርባ ያለው ቀለም እንደነበረ ነው፣ ዝገትም ገብስም የለበትም።

የፕላስቲኩ መሰኪያ ነገር። አምና በታኅሣሥ ከእናቴ ግቢ ወደ ኋላ ስወጣ የቀኙ የኋላ መከላከያ የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ኖሮ ጎማው ረገጠው። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁና ወረድኩ። መሰኪያው ተሰብሯል፣ ላስቲኩም ከላይ ተቀዷል፤ ላሜራው ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ብሎን ቢሆን ኖሮ ጠርዙን አጥፎ ይዞት ይወጣ ነበር። አዲስ ላስቲክ ከቤት ቆርጬ መጣሁና ተካሁት። የተቀደደውን ልጥለው ስል እናቴ ከእጄ ወሰደችው፤ ለሁለት ከፍላ፣ በሚስማር መትታ፣ የዶሮ ቤቱ በር ማጠፊያ አደረገችው። እስካሁን ይሠራል።